ከአንድ ጣቃ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ማኅበራችን በየሳምንቱ በሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ሶማሌ ተራ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንደኛው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊቀመንበራችን ትንሿን ደወል ሁለቴ ደውለው ስብሰባውን ከከፈቱ በኋላ ጸሐፊዋ አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በምላጭ ከፈተችው፤ ከውስጡ የወጣው ሽታ፣ ገና ውሃ ያልነካው የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ከፊቴ የነበረውን ሻይ አስረሳኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ችግረኛ ልጆች ልንሰጥ ያሰፋነው የዩኒፎርም ናሙና ነበር። ሰማያዊ ነው፣ ስፌቱም ደህና ነው፤ ደረቱ ላይ ግን የማኅበራችን ዓርማ በቢጫ ክር ተጠልፏል። የዕለቱ አጀንዳ ዓርማው ባለበት መጠን ይሁን ወይስ ፎቶ ላይ በደንብ እንዲታይ ተለቅ ይበል የሚል ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ እኔ ናሙናውን ተቀብዬ ጫፉን ገልበጥ አድርጌ አሸተትኩት።

«ምነው እትዬ ፀዳለ፣ ጨርቁ ችግር አለው እንዴ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አስመጪ። ጨርቁስ ምንም አልነበረበትም።

እናቴም ማኅበር ነበራት። ደወልም ዓርማም ያልነበረው፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ስለሚሰበሰብ ብቻ ሰፈሩ «የረቡዕ ሴቶች» የሚለው ማኅበር። የሚሰበሰቡት ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በእትዬ ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር የመጡ፣ ሰውነታቸው ቀጭን ድምፃቸው ወፍራም ነጋዴ ሲሆኑ፣ የጎጃሟ እናቴ ደግሞ ከእሳቸው ሱቅ ፊት ለፊት ክርና ቁልፍ ትሸጥ ነበር፤ ከሁለቱ ጋር ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። ረቡዕ የተመረጠውም እንዲሁ አይደለም። ቀኑ ለክርስቲያኖቹ ጾም ስለሆነ ትሪው ላይ ሥጋ አይቀርብም፣ ሥጋ ከሌለ ደግሞ ማን አረደው የሚል ጣጣ የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሽሮና ጎመን ይበላሉ። ይህን ዘዴ ያፈለቅነው እኛ ነን እያሉ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም ሲሟገቱ ነው የኖሩት።

ጓዳው ውስጥ ሁለት የእግር የስፌት መኪናዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሲነዳ ያቃስታል። ሴቶቹ ክረምቱን ሙሉ ዩኒፎርም ማሰፋት ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች ይሰፋሉ፤ እትዬ ዘይነባ ጨርቁን፣ እናቴ ክርና ቁልፉን፣ የቀሩት ጉልበታቸውንና ወሬያቸውን ያዋጣሉ፤ ከመዋጮው ሁሉ የማይጓደለውም ወሬው ነበር። በደረቀ የሳሙና ቁራጭ የሚሰመርበት ሰማያዊ ካኪ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው የሐምሌ ዝናብ፣ ቀረፋ የበዛበት ሻይ፣ እኔና መሰሎቼ መሬት ላይ ተቀምጠን የምንለቅመው የጨርቅ ቅዳጅ፤ ያን ጓዳ ያህል የተመቸኝ ቦታ በሕይወቴ አላገኘሁም።

የተጻፈ ደንብ አልነበራቸውም፤ የማይጣስ አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። ማንኛዋም አባል ለራሷ ልጆች የምታሰፋው ከዚያው ጣቃ፣ በዚያው ቅድ፣ በዚያው ቁልፍ ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ስንሰለፍ ማን ገዝቶ እንደለበሰ፣ ማንን የረቡዕ ሴቶች እንዳለበሱት በዓይን መለየት አይቻልም ነበር። አሰጣጡም እንዲሁ ነው። የልጁ እናት እንደማንኛዋም ደንበኛ ሱቁ ትመጣለች፤ እትዬ ዘይነባ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ከመደርደሪያው ያወርዳሉ፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያዘዝሽው ከደረሰ ሳምንቱ! ሰው ቀጠሮ አያከብርም እንዴ? ሁለተኛ እንዲህ ብታዘገዪኝ ለሌላ ነው የምሸጠው» እያሉ ይቆጧታል። ሴትዮዋም «ይቅርታ እትዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ጥቅሉን ይዛ ትወጣለች። የዚያን ቁጣ ያህል ሰው ሲከበርበት ያየሁት ነገር የለም።

ዝናሽ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሽንኩርት መሬት ላይ በመደብ በመደብ እየደረደሩ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። እኔና ዝናሽ በቁመትም በወገብም እኩል ስለነበርን፣ እሷን መለካት ነገሩን ማውጣት ስለሚሆን፣ የሷ ቀሚስ የሚለካው በእኔ ላይ ነበር። በየክረምቱ እጆቼን ዘርግቼ እቆማለሁ፤ እናቴ አንዴ ትለካኝና ሁለት ትቆርጣለች። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ለማንም እንዳልናገርም ምያለሁ። ዝናሽ ግን እናቷ እንደገዙላት ነው የምታውቀው። መስከረም በመጣ ቁጥር «የኔ ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ ነው፣ ያንቺም ከዚያ ነው?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ፤ ውሸት አልነበረበትም።

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ልቤ አበጠ። አንድ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቴትሮን ጨርቅ አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ የምትሰጠኝን መልስ ስለማውቅ አባቴን ያዝኩት። አባቴ እንባዬን የማይችል ሰው ነበር፤ ጳጉሜን ሙሉ አለቀስኩበት፣ ደግነቱ ጳጉሜ አጭር ነው። ከእናቴ ተደብቆ በሽንሽን አሰፋልኝ። እናቴ ያየችው ትምህርት በተከፈተበት ሰኞ፣ ለብሼው ከቤት ስወጣ ነው።

«አውልቂው» አለችኝ።

«ልጅ ናት፣ ለዛሬ እንኳ ትልበሰው» አላት አባቴ። እናቴ ወደ እሱ ዘወር አለች፤ እኔም ያን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሮጬ ወጣሁ።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡኝ። ዝናሽ ከሁሉም ቀድማ የሽንሽኔን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ «ሲያምር» እያለች ታየው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ «ሁሌ አንድ ዓይነት አልነበር የምትለብሱት? ዝናሽ ለምን እንዲህ አላሰፋችም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደነካኝ ዛሬም አላውቅም። ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኩራት ነው። ባማረው ቀሚሴ ላይ የእናቴን ደግነት ልደርብበት ፈለግሁና «የሷን የሰፋችላት እናቴ ናት። የረቡዕ ሴቶች ለችግረኛ የሚሰፉት ነው፣ በኔ ላይ ነው የሚለካው» አልኩ። ዝናሽ የቀሚሴን ጫፍ ለቀቀችው። ሌሎቹ ልጆች ደግሞ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ መመልከት ጀመሩ።

በማግስቱ ዝናሽ አልመጣችም። ረቡዕ ከሰዓት ሴቶቹ ጓዳው ውስጥ ተሰብስበው ሳሉ እናቷ መጡ። ቀሚሱ ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ በዚያው ጋዜጣ ተጠቅልሏል። «አልሆናትም እትዬ፣ ጠበባት» ብለው ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። እትዬ ዘይነባ ዝም ሲሉ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እናቴ ማን ተናገረ ብላ አልጠየቀችም። ጋዜጣውን ፈታችና «ልበሺው» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ለበስኩት፤ ልክክ አለ።

«ልክሽ ነው» አለች እናቴ፣ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

ዓመቱን ሙሉ የለበስኩት እሱን ነው። ሐሙስ ጠዋት ለብሼው ስሄድ ዝናሽ ታየኛለች፣ እንደገና አንድ ዓይነት እንሆናለን ብዬ ነበር፤ ወንበሯ ባዶ ነበር፣ ባዶም ሆኖ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ሽንኩርት ተራ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አገኘኋት። ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሽንኩርቱ መልሳ «ስንት መደብ ልስጥሽ?» አለችኝ፣ እንደማንኛዋም ደንበኛ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ይቅርታ ማለት። እኔ «አንድ» አልኳት። የሰጠችኝን ሽንኩርት በለበስኩት በገዛ ቀሚሷ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው መስከረም በእትዬ ዘይነባ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን ጥቅሎች ሊወስድ የመጣ ሰው ጥቂት ነበር። ወሬው ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ለአንድ ሁለት ዓመት መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ ኋላ ግን አንዷ ስትቀር ሌላዋ ስትቀር ረቡዕ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። ሱቁ ፈርሷል፣ እናቴም እትዬ ዘይነባም የሉም። ዝናሽን ሳፈላልግ ዱባይ ተራ ሱቅ ከፍታለች ያለኝ ሰው ነበር፤ ሄጄ በየሱቁ ጠየቅሁ፣ የሚያውቃት አላገኘሁም። ባገኛትስ ምን እላት እንደነበር አላውቅም።

«ሌላ ሐሳብ ያለው አለ?» ሲሉ ሊቀመንበሩ ነቃሁ። እጄን አነሣሁ። ዓርማው ጭራሽ ይነሣ፣ ከዚሁ ጨርቅ ደግሞ ለእኛም ልጆችና የልጅ ልጆች ይሰፋ፣ የተሰጠው ካልተሰጠው እንዳይለይ አልኩ። ጥቂቶች ፈገግ አሉ።

«ሐሳቡስ ጥሩ ነበር እትዬ» አሉ ሊቀመንበሩ በትሕትና፤ «ግን ከመካከላችን እዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ማን አለ?»

ጠረጴዛውን ዙሪያውን አየሁ። እጁን ያነሣ የለም፤ እኔም የራሴን አወረድኩ። የልጅ ልጄ በሰርቪስ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ ግራጫ ነው። ዓርማው ተለቅ እንዲል በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ፣ ደወሉ ተደወለ። ናሙናውን አጥፌ ወደ ካርቶኑ ስመልስ በማን ላይ ተለክቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ቀሚስ ከሚለብሱት ልጆች መካከል በስሟ የማውቃት አንዲት እንኳ የለችም።