ዓርብ የማዳም ናት

ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ግቢ አለ፤ የአንድ ትንሽ የጥበብ ማኅበር ግቢ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ልጆች ሥዕል ይማሩበታል፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ እኛ ቴአትር እንለማመድበታለን። እኛ ማለት ሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ሐበሻ ሴቶች፣ ገበያ ጨው የምትሸጥ አንዲት አፋር፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርዱ ሶማሌዎች ነን። በአንድ ቋንቋ ስለማንግባባ ቴአትራችን ቃል የለውም። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣ የአገሩ መምህር ነው፤ ስንጣደፍ "ዱስማን፣ ዱስማን!" እያለ በፈረንሳይኛው ያረጋጋናል። ሳምንቱን ሙሉ "ነይ" እና "ሂጂ" ብቻ ስሰማ የምከርመው ሴት፣ እዚያ ስደርስ "እስቲ አንቺስ ምን ይመስልሻል?" እባላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፉብኝ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ሕግ አለን፤ እያንዳንዱን ሚና ሁለት ሰው ያጠናዋል። የሰው ቤት ሠራተኛ ዓርቧ የራሷ አይደለችም፣ የማዳም ናት። የማዳም ራስ ምታት ከተነሳ ወይ እንግዳ ከመጣ ዓርብ ቀረች። ስለዚህ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ትገባለች። ሊያዩን የሚመጡት ሾፌሮች ምትኳን "ስኮርታ" ይሏታል፣ እንደ ትርፍ ጎማ። የእኔ ስኮርታ ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ቁመታችን አንድ ነው፤ በመልክ ግን ትበልጠኛለች፣ ይህንንም ሳልወድ ነው የምናገረው።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለሳል። ያም ሆኖ ከተያየን አምስት ዓመት ሞልቶን ነበር። እሱ ነፃ ቀጠናው በር ላይ ተሰልፎ መኪናውን ጥሎ አይሄድም፤ እኔ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ካለው የማዳም ቤት ከዓርብ በቀር አልወጣም። ማዳም በሯ ላይ ወንድ ማየትም፣ በእጄ ላይ ካሜራ ያለው ስልክ ማየትም አትወድም። አንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጠን በድምፅ ብቻ "እንዴት ነሽ? እንዴት ነህ?" እንባባላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በመጨረሻ ገጠመልን። ቴአትሩን ለሰፈሩ በምናሳይበት ዓርብ እሱም እዚሁ ዋለ፤ የሚጭነው ቅዳሜ ነው ተባለ። ታሪኩ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ወደ ባሕር ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ከአቧራው የተነሳ ፊታችን እስከ ዓይናችን በሻሽ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ባሕሩ ጋ ስንደርስ እንገልጠዋለን።

"ጄሪካን ተሸክማ የምትገባዋ እኔ ነኝ" አልኩት በስልክ። "ፊቴን ስገልጥ ታየኛለህ።"

"ከፊት ነው የምቀመጠው፣ እህት ዓለም" አለኝ።

ዓርብ ዕለት ምሳ አነሳስቼ ልብሴን ልቀይር ስል፣ ለካ የማዳም ባል ጫት ሊያስቅም ሰው ጠርቷል።

"ዛሬ ጁምዓ የለም" አለች ማዳም በዚያች በተማረቻት አማርኛ።

"ወንድሜ መጥቷል ማዳም። አምስት ዓመት አላየሁትም።"

"ጁምዓ ሌላ ይመጣል" አለችኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ክፋት እንኳ የላትም። ክፉ ብትሆን ቢያንስ እረግማት ነበር።

ለስኮርታዬ ደወልኩ። "አንቺ ግቢ፤ ስትጨርሺ ወንድሜን ፈልገሽ እንደቀረሁ ንገሪልኝ" አልኳት። የወንድሜ ስልክ ግን ተዘግቷል፤ ቴአትር ሲጀመር ስልክ ያስዘጋሉ። ሻይ አቅርቤ እመጣና እደውላለሁ፤ ዝግ ነው። በረዶ አቅርቤ እመጣና እደውላለሁ፤ ዝግ ነው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አሁን ጉዞ ጀመሩ፣ አሁን ውሃው አለቀባቸው እያልኩ በልቤ ስከተላቸው፣ እንግዶቹ ሻዩ ስኳር የለውም ብለው መለሱብኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሱ ደወለ። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

"አየሁሽ!" አለ። "ጭነቱ ዛሬ ይውጣ ተባለና አንድ ሾፌር መጥቶ አስነሳኝ፤ ባሕሩ ጋ ሳትደርሱ ነው የወጣሁት፣ ይቅር በይኝ። ግን አየሁሽ እኮ! ያንን ውሃ ተሸክመሽ ስትገቢ አረማመድሽ ቁርጥ እማዬን። ሰው መሃል አለቀስኩ።"

እኔ አልነበርኩም ልለው አፌን ከፈትኩ።

"ለእማዬ ደውዬላታለሁ" ብሎ ቀጠለ። "በዓይኔ በብረቱ አየኋት፣ ደህና ናት አልኳት።"

ከከተማው እየራቀ ነበርና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። ኩሽና ገብቼ የእንግዶቹን ብርጭቆ ማጠብ ያዝኩ። ሆድ ባሰኝ፤ በስኮርታዬ አረማመድ ቀናሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ደወለች። እየሳቀች ታለቅሳለች።

"ልጄ፣ እስከ ዛሬ ደህና ነኝ ስትይኝ አምኜሽ አላውቅም ነበር" አለችኝ። "ዛሬ ግን ያየሽ ሰው ነገረኝ። አሁን አመንኩ።"

ማዳም ከሳሎን ተጣራች።

"ደህና ነኝ፣ እማዬ" አልኳት።