ዳኛ «በሞቴ» አይልም

ኮኪት ላይ ወሬ እንደ ሰሊጥ ነው፤ አንዴ አፉን ከከፈተ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። አገኘሽ ደረበ ሸሕዲ ፍርድ ቤት ቆማ የአባቷን ወፍጮ ድርሻ «አልፈልግም» ያለች ዕለት፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ኮኪት ገባ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ሀብታም ሱዳናዊ ወዳጅ ይዛለች ተባለ። ወፍጮው ጂኒ አለበት ያሉም ነበሩ፤ ድንጋዩ ብቻውን ሲዞር በጆሮዬ ሰማሁ ያለች ጎረቤት እንኳ አልጠፋችም።

ሱዳናዊም ጂኒም የለም። አገኘሽን የጣላት ይሉኝታዋ ነው።

አገኘሽ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ለሚወርዱት ሳሉጎች ምግብ ትሸጣለች። ሰውን «ብሉ» ስትል አንገት ታንቃለች፤ ራሷ «ብዪ» ስትባል ግን በመጀመሪያው ጥሪ እጇን ዘርግታ አታውቅም። «ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ትለመናለች። «ኧረ ይቅርብኝ» ትላለች፣ «በሞቴ!» ትባላለች። ከዚያ ትበላለች፤ ያውም ደህና አድርጋ። የዛሬው ባሏ ይርዳው ሽማግሌ የላከባት ጊዜ እንኳ «ባል አልፈልግም» አለች። የዋሁ ይርዳው አምኖ ወደ አገሩ ሽንፋ ተመለሰ። ሰው ልካ ያስመጣችው እሷው ናት።

ይህን ጨዋነት ያስተማሯት እናቷ እማማ ሀብትነሽ ናቸው። «በአንድ ጥሪ እሺ ያለች ልጅ ቤተሰቧን ጦም አዳሪ ታስመስላለች» ይሏት ነበር።

አባቷ አቶ ደረበ ሲያርፉ ኑዛዜ አልተዉም። «ተናዘዝ» ያላቸውን ሁሉ «ሞት ልትጠራብኝ ነው?» ብለው ያባርሩ ነበር። ወፍጮው ከሚስታቸው ጋር ያፈሩት ነውና ግማሹ የእማማ ሀብትነሽ ነው። የሟች ግማሽ ደግሞ ለሁለቱ ልጆች እኩል ይደርሳል፦ ለአገኘሽና ለታላቅ ወንድሟ ለሰጠኝ። ሰጠኝ ስሙ ነው እንጂ ሲሰጥ ያየው የለም። ወፍጮው ተሸጦ በድርሻው ከሌሎች ጋር ትራክተር ቢገዛ ይወዳል። እናቱ ደግሞ ከወፍጮው ጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ስለዚህ አገኘሽ የራሷን ሩብ ለእናቷ ልትሰጥ፣ የሰጠኝን ሩብ ቀስ ብላ ልትገዛው አስባ ነበር። ሩብ ይገዛል፤ ግማሽ ግን አቅሟ አይችለውም።

ዳኛዋ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

«ወይዘሮ አገኘሽ፣ ውርሱን ይቀበላሉ?» አሏት፣ አንቱ ብለው።

ከኋላዋ እናቷና ሰጠኝ ከግማሽ ኮኪት ጋር ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አዎ፣ አምጡልኝ» ይባላል? ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች።

«ኧረ ይቅርብኝ፤ እናቴ ትብላው።»

«እናትዎ የራሳቸው ግማሽ አላቸው፤ የባላቸው ወራሽ ግን አይደሉም። እርስዎ ካልተቀበሉ ድርሻዎ የሚያልፈው ለሰጠኝ ነው።»

«ኧረ ማን ምን ሰጠኝና!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አገኘሽም አብራ ሳቀች፤ የዳኛዋ ማስጠንቀቂያ ከሳቁ ጋር ሄደ።

«የመጨረሻ ቃልዎ ነው? አይቀበሉም?»

ይቺ በአገኘሽ ቆጠራ ሁለተኛዋ ልመና መሆኗ ነው። አንድ ይቀራታል።

«ይቅርብኝ እኮ አልኩ።»

ከዚያ ቆማ «በሞቴ»ን ጠበቀች። ዳኛ ግን «በሞቴ» አይልም። ዞር ብላ ሰጠኝን አየችው። ሰጠኝ እህቱን ከእነ አመሏ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። የጫማውን ክር እያየ ነበር። ቃሏ ተመዘገበ፤ መዝገቡም ተዘጋ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እናት መሀል። አገኘሽ ድርሻዋ ለሰጠኝ ማለፉ የገባት መናኸሪያው ላይ ስትደርስ ነበር። ሰጠኝ በመስኮት ሐብሐብ ገዛ፤ ትልቁን ቁራጭ በእናቱ ላይ አሳልፎ ዘረጋላት።

«እንኪ ብዪ፣ እህት ዓለም።»

«ይቅርብኝ።»

«ሙቀቱን አታይውም? ያዢ እንጂ!»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

አገኘሽ ሐብሐቡን ተቀበለችው። አልነከሰችውም፤ ጭማቂው በክንዷ እየወረደ ወንድሟን አየችው።

«ለሐብሐብ እንዲህ የለመንከኝ፣ ለወፍጮው አንዴ 'በሞቴ' ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሰጠኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጨዋነቱን ያስተማሯት እናቷም መቁጠሪያቸውን ፍለጋ እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።