ሲስተሙ አያውቅዎትም

አለቃችን ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ተሹሞ ሐይቅ ከተማ ሲመጣ፣ እኔ በመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ቆይቼ ነበር። ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ፋይሎቹ ይመጡለታል፣ በጎን ክፍል ያለው ፕሪንተር ያትምለታል፤ ከዚያ ወዲያ ግድ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ የሚያገናኝለት ማውጫ ሰርቨሩ፣ የሁሉን ስምና አድራሻ የያዘው ዋናው ማሽን፣ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ሲከፈት ፕሪንተሩ የት እንዳለ፣ ሰነዶቹ በየትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጡ በራሱ አያውቅም፤ ማውጫውን ይጠይቃል። ማውጫው መጀመሪያ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያጣራል። ስሙን ካገኘው የፈለገው ነገር ያለበትን አድራሻ ይነግረዋል፣ ምን እንደተፈቀደለትም ይወስናል። ስሙ ከሌለ ግን ፕሪንተሩ አፍንጫው ሥር ቢሆንም አያገኘውም።

የሰሜኑ ጦርነት ሲቃረብ ከተማው ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። መኪና የሚባል ጠፋ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ እግሯ ቆስሎ መራመድ አትችልም። አለቃዬ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ሊወጣ መሆኑን ስሰማ ደጃፉ ድረስ ሮጥኩ። ሽማግሌው የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ሶፋውንና ፍሪጁን ከኋላ እየጫኑለት ነበር። ቤተሰቡን ቀድሞ ልኳል። ውስጥ፣ የኋላው ወንበር ላይ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተጋድሟል። ምንጣፉን አንሥቶ እናቴን ብቻ እንዲወስዳት፣ እኔ በእግሬ እንደምከተል ለመንኩት።

“ቦታ የለም፤ አታዪም እንዴ?” አለኝና በሩን ዘጋ።

እናቴን ጎረቤቶቻችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በቃሬዛ ተሸክመው ከሐይቁ ማዶ ዘመዶቻችን ዘንድ አደረሱልኝ። መድኃኒቷ እዚያ አለቀ። እኔን ላለማስጨነቅ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ እያለች ሰነበተች፤ ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ፣ አረፈች። ለቀስተኛው ሁሉ የአላህ ቀድር ነው፣ የተጻፈ ነው እያለ አጽናናኝ። እሺ አልኩ። ምንጣፉ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከተማው ተለቆ ስንመለስ ቢሮው ተዘርፏል። ሰርቨሩ ኬብሉ ተበጥሶ ተወስዷል። ያገለገለ ሌላ ሰርቨር ተላከልንና ማውጫውን ከባዶ ሠራሁት፤ የተመለሰውን ሠራተኛ ሁሉ ስም ከነክፍሉ አስገባሁ። የአለቃዬን አላስገባሁም። ረስቼው አይደለም።

ከሁላችን በኋላ መጣ። ስሙን ጻፈ፣ ደግሞ ጻፈ፣ ከዚያ አስጠራኝ።

“ሲስተሙ አያውቅዎትም” አልኩት።

“ታዲያ አስገቢኛ።”

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሲጠይቀኝ መብራት አልነበረም እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ ዕቃ ይቀራል እላለሁ። የእሱ ኮምፒውተር ተከፍቷል፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ የጎን ክፍሉ ፕሪንተር ለሁሉም ያትማል፤ ለእሱ ብቻ የት እንዳለ የሚነግረው የለም። ሪፖርቱን በፍላሽ ይዞ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ተራ ሲጠብቅ በመስኮት አየው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ምሳ ጣፈጠኝ።

በመጨረሻ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሆን ብላ ሥራ ታደናቅፋለች ሲል ከሰሰኝ። ተነሣሁ።

“እናቴን ይውሰዱልኝ ብዬ ስለምንዎት ቦታ የለም አሉኝ። ምንጣፍዎ ቦታ ነበረው። እናቴ ሞተች። እኔም ማውጫው ላይ ለእርስዎ የሚሆን ቦታ የለኝም።”

ፊቱ ጠቆረ። መኪናው የመንግሥት ሰነድ ሞልቶት እንደነበር መናገር ሲጀምር ሽማግሌው ጥበቃ ከበሩ አጠገብ አቋረጡት። “የጫንኩት እኔ ነኝ። ወረቀት የሚባል አላየሁም” አሉ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ስሙንም እንዳስገባ ታዘዝኩ። አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣለት፣ ሻይ እንጠጣ የሚለው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠየቀ። የእሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ግልባጭ በደረሰኝ ቀን፣ ቢሮው ውስጥ ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ ስሙን ከማውጫው ሰረዝኩት። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ አልኩ።

አሁን ደሴ ሌላ መሥሪያ ቤት ተመድቧል አሉ። እዚያ ኔትወርኩን የሚይዘው ልጅ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ስልኩ አለኝ። እስካሁን አልደወልኩም።