ከአንድ በፊት ያለው ተራ

የሚጮህ ነገር አልወድም ነበር፤ ጦሱ ለወንድሜ ተረፈ።

ቢሯችን አዳማ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ደጃፍ ለሚሰለፉ የአንድ ማኅበር የጭነት መኪኖች ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም እንሠራ ነበር፤ ግማሹ ፓይተን፣ ግማሹ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ። ልጆቹ ጠዋት በአንዱ ሲጽፉ ውለው ከሰዓት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ግራ ይጋባሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሳ የሚያነበውን የመመሪያ ፋይል፣ ማለትም ኮንፊጉን፣ በየራሱ ወግ ነው የሚያነበው። በየትኛውም ቋንቋ እኩል የሚያነብ ላይብረሪ፣ ማለትም ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚጠሩት ዝግጁ ኮድ፣ እኔ ልሥራ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ጠረጴዛ የምትጋራኝ ፕሮግራመር አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

"የጎደለ ነገር ሲያገኝ ይጩህ፤ ሥራውንም ያቁም።"

እኛ ቤት አባታችን ሲጮህብን ነው ያደግነው። "ዝምታ ወርቅ ነው" አልኳትና የጎደለውን በዜሮ ሞልቶ እንዲያልፍ አደረግኩት።

"እሱ ለሰው ነው፤ ለፋይል አይደለም" አለችኝ። ሳቅኩባት። እንዴት ያለሁ ደደብ ነበርኩ!

ተራ አውጪው ፕሮግራም ከፓይተን ወደ ጃቫ የዞረ ቀን የመኪኖቹን ሰልፍ ኮንፊጉ ላይ ጻፍን። የማኅበሩ ሹፌር የሆነው የታላቅ ወንድሜ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ተራዋ ባዶ ቀረ። ላይብረሪዬ ትንፍሽ ሳይል ዜሮ ሰጣት። ዜሮ ደግሞ ከአንድ ይቀድማል።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ከጋራዥ ወጥቶ ሊመዘገብ ሲመጣ ታርጋው ወደቡ ደጃፍ ተራ በሚያሳየው ስክሪን ላይ ከሁሉም በላይ ተጽፏል። መኪናቸው ሥር እያደሩ አስራ አንድ ቀን የጠበቁ ሹፌሮች ከበቡት። የማን ወንድም እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። "ሌባ! ሃቱ!" እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጮኹ ሰምቼ አዲሱን ፕሮግራም ላይ ከመጣሁበት ከወደቡ ግቢ ውስጥ እየሮጥኩ ስወጣ መሬት ላይ ጥለው ይረግጡታል። አንዱ በጎማ መፍቻ ፊቱን አለው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ዛሬም እሰማዋለሁ። ደሜ ፈላ። ድንጋይ አነሳሁና ቅርቤ ያገኘሁትን ሰው ግንባሩን ፈነከትኩት።

ሊገላግሉ የገቡ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ። እውነተኛው አንደኛ ተራም የእሳቸው ነበር።

"ልጄ፣ ምን አደረግኩህ?" አሉኝ ደማቸውን በእጃቸው እየጠረጉ።

ከሰዓት ኮንፊጉን ከፍቼ ባዶውን መስመር አየሁት። ላፕቶፔን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ምን ዋጋ አለው! የወንድሜ ግራ ዓይን ፈሷል።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። "ጋሼ" ከማለቴ አቋረጠኝ።

"እውነቱን ንገረኝ። ለእኔ ብለህ ነው ያስቀደምከኝ?"

"በፍጹም" አልኩት። ተራው ባዶ እንደነበረ፣ የሠራሁት ነገር ዝም ብሎ ዜሮ እንደሞላበት፣ ማንም ልብ እንዳላለው ነገርኩት።

የቀረችውን ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ለእኔ ብለህ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር" አለ።