ስልክ ይዤ ድንበር የዞርሁ ዕለት

«እምዬ፣ ያን ቡናዎ የተመለሰበትን ነገር ይንገሩን» አሉኝ የልጅ ልጆቼ። ለበዓል ይመጣሉ፤ ሁለት ቀን አድረው ይሄዳሉ። የሚስቁበት ወሬ ፈልገው ነው መሰለኝ። ነገርኋቸው፤ ሳቁም። ያልሳቁበትንም ጨምሬ አሁን ላንዷ እየነገርኋት ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።

እኔ የጉና ልጅ ነኝ። እዚያ ገብስና ድንች ነው፤ ቡና ከነዛፉ ያየሁት ወደ ወንዛዬ አገር ተድሬ ስወርድ ነው። ባሌ ከጓሯችን ያለችውን ማሳ ቡና ተከለባት፤ ጥላ እንዲሆኑት ዋንዛዎቹን ተዋቸው። እሱ ካረፈ ወዲህ ልጆቹም በየከተማው ናቸው፤ እኔና ቡናው ቀረን። እግሬ ደግሞ አርፎ አያውቅም። ለንግሥ እሄዳለሁ፣ ለተዝካር እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም እህቴን ልይ ብዬ ጉና ድረስ እወጣለሁ። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ከሌለ ምን ያስቀምጠኛል?

አንድ ዓመት የገበሬው ማኅበር ሰበሰበን። ቡናችንን የሚገዙት የባሕር ማዶ ሰዎች አዲስ ሕግ አውጥተዋል አሉ፤ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አንቀበልም ብለዋል። ስለዚህ የያንዳንዳችን ማሳ በስልክ ይለካል፤ ጆንያው ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ማዶ ድረስ ይታያል። አንድ ሽማግሌ «እኔስ እታያለሁ?» ቢሉ፣ ባልንጀራቸው «አንተን ደግሞ ማን ብሎ!» አሏቸውና ሳቅ ሆነ። እኔን ግን ደስ አለኝ። ያችን ማሳ ከኔ ሌላ የሚያያት ሰው ካለ፣ ማዶም ቢሆን ይሁን አልሁ።

መዝጋቢዋ ከደብረ ታቦር የመጣች ልጅ ናት። እያነከሰች ገባች።

«እማማ፣ የማሳዎን ዳር ዳር መዞር አለብን። ስልኩ የሄድንበትን ራሱ ያሰምራል።»

«እግርሽን ምን ሆንሽ?»

«አዲስ ጫማ ነው፣ በላኝ።»

«በይ ከዋንዛው ሥር አረፍ በይ። እኔ እዞረዋለሁ፤ ድንበሬን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

እሺ አለችኝ። ስልኩን እንደ ጧፍ በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝሁና የድንጋይ ካቡን ተከትዬ ወረድሁ። ከታች በኩል ማሳዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጋር ይዋሰናል፤ በመካከል ጠባብ መንገድ ብቻ ናት፤ መንገዷ ደጀ ሰላሙን ታሳያለች። በኛ ዘንድ ሳይሳለሙ አይታለፍም። ቢቸኩሉም፣ ሸክም ቢኖርም አይታለፍም። ስልኩን እንደ ያዝሁ ገባሁና ደጁን ሳምሁ። ከገባሁ ደግሞ ባሌ እዚያው ከጥዱ ሥር ነው ያለ፤ እንዴት ጥዬው ልመለስ? ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። «ማሳህን እያስለካሁልህ ነው» አልሁት። ስለ ዘንድሮው ዝናብም ነገርሁት። ከዚያ ወጥቼ የቀረውን ድንበር ዞርሁ።

«ቆዩሳ እማማ!» አለችኝ ልጅቱ።

«ጉልበት የለኝም» አልኋት። እውነት ነው፤ ጉልበትም የለኝ።

ቡናው ተለቅሞ ሲደርቅ አንድ ጆንያ ሞልቼ ማኅበሩ መጋዘን አደረስሁ። መጋዘን ያዡ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ።

«እማማ፣ የርስዎን አልቀበልም አለ።»

«ማን ነው አልቀበልም ያለው?»

«ሲስተሙ።»

«ጥራልኝ እስቲ፣ ላነጋግረው።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። አውቄ ነው ያልሁት ማለት ዛሬም ያምረኛል፤ ግን ሰው መስሎኝ ነበር።

«ማሳዎ ቀይ ሆኗል» አለኝ መጋዘን ያዡ ቀስ ብሎ። «ደን ውስጥ ነው ይላል።»

ከኋላዬ አንዷ «መጥረቢያ ማንሳት ያቃታት ሴት ደን ጨረሰች! ኧረ ጉድ ነው!» አለች። እንደገና ሳቁ። የሰው ጆንያ መኪና ላይ ወጣ፤ የኔ በአህያ ተጭኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከምሰሶው አጠገብ አቆምሁት፤ እንደማይናገር እንግዳ ቆመ። ስወጣ ስገባ አየዋለሁ። ገበያ ስሄድ «ደን ጨራሿ መጣች» ይሉኛል። ለቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ባሌ ቢኖር እቤት ገብቼ እነግረውና አብረን እንስቅ ነበር። የሚነግሩት ሰው ሲጠፋ ቀልድም እንደ ስድብ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ደግሞ ያች ማሳ የሱ እጅ ናት፤ ምንጣሮ ናት ተብላ እንድትቀር አልፈለግሁም።

ስለዚህ ከሐሙሲት ሚኒባስ ይዤ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ከመናኸሪያው በባጃጅ የማሳ መዝጋቢዎቹ ቢሮ ድረስ ሄድሁ። ስጠብቅ ዋልሁ፤ ብርዱ የጉናን አስታወሰኝ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ አስገባኝና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው። ከሰማይ የታየ አገር ነው። የቤቴ ቆርቆሮ እንደ ልብስ ቁልፍ አንሳ ታበራለች። ማሳዬ ዙሪያዋን መስመር ተሰምሮባታል፤ ከታች በኩል ግን መስመሩ እንደ ምላስ ወጥቶ ደኑ ውስጥ ገብቷል።

«እማማ፣ እዚህ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

መንገዷን ለየኋት። ደጀ ሰላሙንም ለየሁት።

«ልሳለም ነዋ።»

«እዚህስ?» ምላሱ ጫፍ ላይ መስመሩ እንደ ተወታተበ ክር ተቋጥሯል። «አንድ ቦታ ብዙ ሲቆዩ ነው እንዲህ የሚሆን።»

«ተቀምጬ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ከባሌ ጋር።»

ሰውየው ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሳ። ከዚያ «ማሽኑ መሳለም አያውቅም፣ እማማ» አለኝ። «የታቦቱን ደን ከርስዎ የቡና ማሳ ጋር ቀላቅሎታል። የዘንድሮው አለፈ። ለመጪው ዓመት እንደገና ይዙሩ፤ ግን ቀጥ ብለው ይለፉ፤ የትም አይግቡ።»

በዓመቱ ሌላ መዝጋቢ መጣ። «እኔ ልዙርልዎ» ቢለኝ እንቢ አልሁት፤ ያበላሸሁት እኔ፣ የማቃናውም እኔ። ካቡን ተከትዬ ወረድሁ። ደጀ ሰላሙ ፊት ስደርስ እግሬ ወደለመደው ሊታጠፍ ሲል ያዝሁት። ከመንገዱ ላይ ሆኜ አንገቴን ሰበር አደረግሁና አለፍሁ። ለታቦቱ ከሩቅም ይበቃል፤ ቸር ነው። ወደ ጥዱ ግን ዓይኔን አላነሳሁም። ባነሳ አላልፍም ነበር። በአምሳ ዓመት ትዳር አይቼው እንዳላየሁ ያለፍሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማሳው አረንጓዴ ሆነ። ቡናዬ ከሰው ቡና ጋር መኪና ላይ ወጣ። «ደን ጨራሿ ታረቀች» አሉና እሱም ቀረ። ስልኩን አስረክቤ በዚያው ቀን መቃብሩ ጋ ተመልሼ ሄድሁ፤ ብዙ ተቀመጥሁ። ግን አልፈው ሄደው መመለስና ሲያልፉ ጎራ ማለት አንድ አይደለም። የምነግረው ጠፋኝ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጉልበቴን ልታከም ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድሁ። አጠገቤ የምትታጠብ አንዲት ሴት በሌላ ቀበሌ ማሳ መዝጋቢ ነበረች። ወሬ ወሬን ሲስብ ያን ሁሉ አጫወትኋት።

«ውይ እናታለም፣ ታዲያ ለምን ማቆያዋን አልተጫኗትም?»

«የምን ማቆያ?»

ስልኩ ላይ፣ ከግርጌው፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትንንሽ ሰረዞች ያሉባት ቦታ አለች አለችኝ። እሷን ነካ ሲያደርጓት መስመሩ ባለበት ይቆማል። ሰው የፈለገበት ይገባል፣ የፈለገውን ያህል ይቀመጣል፤ ወደ ድንበሩ ተመልሶ ሲነካት ካቆመበት ይቀጥላል።