የኳሱን አለቃ ያወረድንበት ዓመት

በጃንሆይ ዘመን ወረታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከተማዋ ያኔ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ ቆሞ የሚያርፍባት የመንገድ ዳር መንደር ነበረች። መኪናው ውሃ ይሞላል፣ ሹፌሩ ጠላ ይሞላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ። ለእኛ የሚቀረን ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና አንድ ኳስ የማይችል የኳስ ቡድን ነበር።

ቡድኑ አይችልም ስል ስሙን ለማጥፋት አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ሜዳው ከከተማው ግርጌ፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ደፍነን ስንጨርስ ደግሞ ከብቱ ይመጣል። አንዲት ላም ሜዳው መሀል ከተኛች ዳኛው ቀርቶ ባለቤቷም አያስነሳትም፤ ስለዚህ ላሟን እየዞርን እንጫወት ነበር። "እንጫወት ነበር" ስል እነሱን ማለቴ ነው። እኔ ልብስ የምሰፋውም ስለ ኳስ የማወራውም ተቀምጬ ነበር።

የቡድኑ መሪ ጎሚስታው ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ የመኪና ጎማ የሚለጥፍ፣ ጎንደር ከጣሊያን ጋራዥ ሙያ የተማረ፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰው ነው። አሰልጣኝ የሚለውን ቃል ገና አልለመድነውምና "የኳስ አለቃ" እንለው ነበር። ሹመቱን ያገኘው ኳስ ስለሚያውቅ አይደለም። በከተማው ውስጥ መንፊያ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ያለችን ኳስ አንዲት ናት፤ ቆዳዋ ተልጦ አሥር ቦታ የተጠገነች፣ በጠፍር የምትታሰር። በየጨዋታው እኩሌታ ላይ ትተነፍሳለች። ሁለተኛው ንብረታችን አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ሲሆን እሱም የጎሚስታው የግሉ ነበር። ቀኙን አጥቂያችን ያደርገዋል፣ ግራውን የግራ ክንፋችን። የቀሩት ባዶ እግራቸውን ናቸው።

ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ክርክሩ የሚካሄደው እኔ በረንዳ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ፈጽሞ አይቀሩም። አንደኛው የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ ወጥተው እህል ሳይቀምሱ ቀጥ ብለው ወደ በረንዳዬ ይመጡ ነበር። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ጥይት ነው ይላሉ፤ ባለቤታቸው ግን በቅሎ ናት የረገጠቻቸው ትላለች።

"ጥፋቱ የአለቃው ነው" ይላሉ ሃምሳ አለቃው። "ሥርዓት የለም! ሥርዓት የሌለው ጦር የት ይደርሳል?"

"ጥፋቱስ የጫማው ነው" ይላሉ ቄሱ። "አንድ ጫማ ለሁለት ሰው! ምን ያድርግ እሱ?"

"አባ፣ ጎረቤቶቻችን ሐሙሲቶችም እኮ ባዶ እግራቸውን ናቸው" እላለሁ እኔ።

"ልጆቹ በጾም ደክመዋል።"

"ጾሙን ያዘዙት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ጹሙ አልኩ እንጂ ተሸነፉ አልኩ?"

እንዲህ እያልን ገናን አለፍን። ለጥር ከሐሙሲት ጋር ጨዋታ ተቀጠረ፤ በነሱ ሜዳ። ከተጫዋቾቻችን ግማሹ ጉልበቱን ታሞ ነበር። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፤ ጎሚስታው አሰበ አሰበና አንድ ቀን በረንዳዬ ድረስ መጥቶ ሐሳቡን ነገረን።

"ወንዛዬ ፍል ውሃ እወስዳቸዋለሁ። ሁለት ቀን ይዘፈዘፋሉ። ከዚያው በእግራችን ወደ ሐሙሲት። ጉልበታቸው እንደ አዲስ ይሆናል።"

ቄሱ ባረኩት። ሃምሳ አለቃው ለእግራቸው ብለው አብረው ሄዱ። እኔም፣ ኋላ የካድሁት ቢሆንም፣ ያን ቀን "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብያለሁ።

በጨዋታው ቀን እኔና ቄሱ ኑግ በጫነ መኪና ላይ ተፈናጥጠን ሐሙሲት ወረድን። ቡድናችን ከወንዛዬ ሲመጣ አየነው። እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ፊታቸው ያበራል፣ ጣታቸው ተጨማዷል፣ አንዱ ሲያዛጋ አሥሩ ይከተለዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ጧትና ማታ ሲዘፈዘፉ ሰንብተው አጥንታቸው ሁሉ ለስልሷል። በረኛችን የግቡን እንጨት ተደግፎ ቆመ፤ ሦስተኛው ጎል ሲገባ ዓይኑ መከደኑን እኔ ራሴ አይቻለሁ። አምስት ለባዶ ተሸነፍን። አንድ የሐሙሲት ሽማግሌ ወደኛ ዞር ብለው ከልባቸው በመገረም፣ "እነዚህን ልጆች ቀቅላችሁ ነው እንዴ ያመጣችኋቸው?" ሲሉ ጠየቁን።

በማግስቱ በረንዳዬ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

"ሰውዬው ይውረድ! ይቺ የመስፊያ መኪናዬ አለቃ ብትሆን ከሱ ትሻላለች!"

ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ ደግሞ አእምሮ ያስታል። ወዲያው ሦስታችን፣ ቄሱ፣ ሃምሳ አለቃውና እኔ፣ ተነሥተን ወደ ጎሚስታው ሄድን። ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ጋር ይታገል ነበር። ቄሱ ከሩቅ ጀመሩ፦ ድካምህን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ፣ የሰው ልጅ ማረፍ አለበት፣ ጤናም መታሰብ አለበት።

"አባ፣ አውርደንሃል ሊሉኝ ነው?" አለ።

"እንደሱ እንኳ ሳይሆን..."

"አዎ" አሉ ሃምሳ አለቃው።

እጁን በጨርቅ ጠረገና ገባ። ኳሷን ይዞ ወጣ። ተንፍሳ እንደ ቂጣ ተለጥፋለች።

"ኳሷ የከተማው ናት፤ ይኸው። ጫማውና መንፊያው የኔ ናቸው። አዲሱ አለቃ ማነው?"

ይህን ነገር አላሰብንበትም ነበር። ቀስ እያሉ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

"ብዙ የሚናገረው እሱ ነው" አሉ ቄሱ።

"እንኳን ደስ አለህ" አለኝ ጎሚስታው፤ ኳሷን ደረቴ ላይ ለጠፋት።

እኔ የማውቀው መስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፋሁ። አቡጀዲ ገዝቼ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነከርሁና አሥራ አንድ ማልያ አወጣሁ። ሐሙሲቶች ማልያ የላቸውም፤ ሲያዩን ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ልምምድ ላይ ያዘዝሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሩጡ!" አልኳቸው። "ወዴት?" አሉኝ። መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁ።

የመልሱ ጨዋታ እኛ ሜዳ ላይ ሆነ። ሰው የሽምብራ እሸቱን ታቅፎ ዙሪያውን ሞላው። ልጆቹ ሲወጡ እልል ተባለ፤ እውነትም ያምሩ ነበር። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆዩም፣ ላባቸው ቀለሙን አወረደው። አንገታቸው፣ ክንዳቸው፣ ጆሯቸው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ተከላካዮቻችን ዓይናቸውን ሲያሹ ሁለት ጎል ገባ። ያን ጊዜ ከተመልካቹ መሀል አንድ የማውቀው ድምፅ ተነሣ፤ ጎሚስታው ነበር።

"ልብስ ሰፊው! ይህ ቡድን ነው ጎመን?"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ቄሱም ሳቁ፤ እንዳላይ ብለው መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ እንጂ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እረፍት ሲሆን ኳሷ እንደ ልማዷ ተነፈሰች። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሜዳውን አቋርጬ ወደ ጎሚስታው ሄድሁ። ያ ሜዳ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

"ጋሼ፣ መንፊያህን..."

"ምን አልክ?"

"መንፊያህን አውሰኝ።"

እሸቱን መፈልፈሉን ቀጠለ። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሄዶ እስኪያመጣ ሐሙሲቶች ጥለው ይሄዳሉ ብዬ አሰብሁ። እሱ ግን እሸቱን ጣለና ኮቱን ገለጥ አደረገ። መንፊያው ብብቱ ሥር ነበር። ጫማውንም በከረጢት አንጠልጥሎት ኖሯል። ሊሳደብ የመጣ ሰው ጫማና መንፊያ ይዞ ለምን ይመጣል?

ኳሷን እየነፋ ልጆቹን ጠራቸው።

"ይህን ቅጠል አውልቁ። አንተ ረጅሙ፣ ከፊት ምን ትሠራለህ? ኋላ ቁም። አንተ፣ ግራውን እንካ፤ በባዶው እግር ልትመታ ብትሞክር እሰብርሃለሁ።"

በሁለተኛው እኩሌታ ጎል አልገባብንም። ሊያልቅ ሲል የግራ ክንፋችን በግራው ጫማ መታትና ገባች። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ከተማው ግን እንዳሸነፈ ሁሉ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ቄሱ ያገኙትን ተጫዋች ሁሉ እያቀፉ ነጭ ጋቢያቸው አረንጓዴ ሆነ፤ ሣር ላይ የተንከባለሉ ይመስሉ ነበር ብለው ባላጋራ ደብተራዎች ለወራት ሲያሟቸው ከርመዋል።

በማግስቱ ኳሷን ይዤ ጎሚስታው ዘንድ ሄድሁ። አልቀበልም አለ። በሦስተኛው ቀን ተመለስሁ፤ አሁንም አልቀበልም አለ። በሳምንቱ ስሄድ ሥራውን ተወና ከጎማው ላይ ተቀመጠ።

"ሁለት ዓመት ነፋሁላችሁ" አለኝ። "በወንዛዬው ነገር ጥፋተኛ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሦስታችሁ ስትመጡ ግን አንድ እንኳ 'ስለለፋህ እናመሰግናለን' ያለኝ አልነበረም።"

ቄሱ ድካምህን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ ብለው ነበር ልለው አሰብሁ። ግን እኛ ራሳችን ልንቆጥርለት የሚገባንን ለእግዚአብሔር አሳልፈን መስጠታችን ታየኝና ተውሁት።

"ጋሼ፣ እናመሰግናለን" አልሁት።

"እንደዚህ ነው" አለና ኳሷን ተቀበለኝ።

እኔ ከዚያ ወዲያ ስለሱ ክፉ ተናግሬ አላውቅም ብል ውሸት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሲሸነፍ በረንዳዬ ላይ እንደ ወትሮው ቆዳውን ገፈፍነው። አሁን ግን እሱ ራሱ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ሃምሳ አለቃው "ሥርዓት የለም" ሲሉ "እንዴት ያለ ሥርዓት?" ብሎ ያፋጥጣቸዋል።

በዓመቱ አንድ ጨዋታ አሸነፍን፤ የአዲስ ዘመን ከተማ ልጆችን፣ አንድ ለባዶ። እኔ ያን ቀን ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሌላ አገር ሄጄ ነበርና አላየሁትም። ስመለስ ቄሱ በጭንቅላት ገባች አሉኝ። ሃምሳ አለቃው በጉልበት አሉ። አጥቂው ከሜዳው እኩሌታ ነው የመታኋት ብሎ ይምላል። ጎሚስታው ብቻ እያሳቀው፣ "እውነቱን ልንገርህ፤ አፈር ገብቶብኝ ዓይኔን ሳሽ ነው የገባችው" አለኝ።