ፊቱን አንሺልኝ

ዛሬ ጠዋት ትንሿ ልጄ ራሴን አመመኝ ስትል የቤተ ክርስቲያን እመት ልቀባት ተነሣሁ። እመቱን የማስቀምጠው በአሮጌ የፊልም ዕቃ ውስጥ ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ግራጫ ክዳን ያለው፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ። ክዳኑን ስከፍት ከእመቱ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መጣ። ኮምጠጥ ያለ፣ የአዲስ ፊልም ሽታ። ይህን ያህል ዓመት ዓመድ ይዞ ያ ሽታ አልለቀቀውም። ልጄን ግንባሯ ላይ ቀባኋት፣ በስመ አብ አልኩ፣ ከዚያም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ወንድሜ ላይ እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ልጅ ሳለሁ ወልቂጤ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። እናትና አባቴ ገጠር፣ ቸሃ ነበሩ። አዲስ አበባ የሚነግደው ታላቅ ወንድማችን ለመስቀል ሲመጣ ከአንድ ደንበኛው ያገኘውን ካሜራ ይዞ መጣ። እሱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አያውቅም። የተማርሽው አንቺ ነሽ ብሎ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝና ክትፎውን ሊበላ ገባ። በዚህ ዓይነት የቤቱ ፎቶ አንሺ ሆንኩ።

ፊልም በዓመት አንድ ነበር፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ። ቤተሰቡ ሙሉ የሚሆነው በመስቀል ብቻ ስለሆነ በሌላ ጊዜ ላንሣ ብል የሚነሣም የለም። ፊልሙን ወልቂጤ ላለው ፎቶ ቤት እሰጣለሁ፤ እነሱ አዲስ አበባ ልከው ያሳጥቡታል፤ በኅዳር ይመጣል። እንግዲህ የመስከረምን ስሕተት በኅዳር አያለሁ፣ የማርመው ደግሞ በሚቀጥለው መስከረም ነው። እንዲህ ተደርጎ ሙያ ይለመዳል? ልጆቼ ዛሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሃያ ጊዜ አንሥተው አሥራ ዘጠኙን ያጠፋሉ። 

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ከቤታችን ፊት ካለው ሰፊ ሣር፣ ከጀፎሩ ላይ አሰለፍኳቸው። ሣሩ ጤዛ ይዞ ያበራ ነበር፤ ፀሐይዋ ከኋላቸው ካለው እንሰት በላይ ወጥታ ነበር። ደስ ብሎኝ ሠላሳ ስድስቱንም ጨረስኩ። ፎቶው ሲመጣ ሰዎቹ እንደ ከሰል ጠቁረዋል፣ አባዬ ደግሞ ከቅንድቡ በላይ የለም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት የቡታጅራ ሰው ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ሙስሊም። ፎቶዎቹን በመስታወት ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ሱቁ ውስጥ የሙጫና የአዲስ ወረቀት ሽታ ነበር። የመጨረሻዋን ደርድሮ ሲጨርስ፣

«ማሻአላህ፣ እንሰቱ አምሮበታል» አለኝ።

ላለቅስ ደርሼ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስተማረኝ። ሰውን ፀሐይን ከኋላው አድርገሽ አታቁሚ፤ ከጣሪያ ጥላ ሥር አስገቢ። የምታይባት ትንሿ መስኮት ከሌንሱ በላይ ናት፣ እሷ የምታየውን ሌንሱ አያየውም፤ ስለዚህ ከራሳቸው በላይ ሰማይ አትርፊላቸው። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ። አጫጫኔን ሲያይ ደግሞ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ቁልፉን አትውጊው አለኝ፤ ቆጮው በስሎ እንደሆነ በጣትሽ እንደምትሞክሪው፣ እንደዚያ ንኪው።

ዓመቱን ሙሉ በባዶ ካሜራ ተለማመድኩ። ዶሮ አነሣሁ፣ ጄሪካን አነሣሁ፣ ከቅዳሴ የሚወጡ ሰዎችን ከዋርካው ጥላ ሥር ቆሜ አነሣሁ። አክስቴ ልጅቷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውለው ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። ቢሆንም እጄ ጸና፤ መንቀጥቀጤን ተውኩ፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሳላስበው ማየት ጀመርኩ።

በሁለተኛው መስቀል ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ጥላው ጥሩ፣ ራሶቹ ሙሉ፣ የእማዬ የነጠላ ጥለት እንኳ ይቆጠራል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር።

መካከለኛው ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። መቆም የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ቤተ ክርስቲያን በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ከዚያ በሌላው። አባታችን በመስቀል ጠዋት ልጆቹን በየተራ አንበርክኮ ሲመርቅ እንኳ እሱ ከሥር ሆኖ በዓይኑ ይጠቅሰናል፤ እኛ እንስቃለን፣ የሚቆጡት እኛን ነው። እማዬን ከሁሉ የሚያሳዝናት ይህ ነበር፤ በምርቃት የሚቀልድ ልጅ ምን ይጠብቀዋል እያለች። ፎቶው ላይ አንዱ ጋ ሁለት ራስ አለው፣ አንዱ ጋ ጭስ ይመስላል፣ አንዱ ጋ ጥርስ ብቻ ነው። የቡታጅራው ሰው መነጽሩን አወረደ።

«ይሄ ልጅ ጂን አለበት እንዴ?»

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

«አንቺ ጨርሰሻል። የቀረው እሱ ነው» አለኝ።

ሦስተኛው መስቀል ሳይደርስ ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ እንደሆነ ሰማን። በመኪና፣ በእግር፣ በማናውቃቸው አገሮች አልፎ። ከአካባቢያችን የሄዱ ነበሩ፤ የደረሱ አሉ፣ ወሬያቸው የጠፋም አሉ። መስቀልን ውሎ በሳምንቱ ይነሣል ተባለ። እማዬ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ በጉራጊኛ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። ቅቤ ስታነጥር ቆይታ እጇን ሳታብስ ወደ እኔ ዞረች።

«ፊቱን አንሺልኝ። ባይመጣ የማየው ፊት ይኑረኝ።»

ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። እኔም ፊልሙን ለእሱ ብቻ ላደርገው ወሰንኩ። ሌሎቹ ቢቆጡም ይቆጡ።

ከማለዳ ጀምሮ ተከተልኩት። ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ ደህና ብርሃን ካለበት ቦታ አቆምኩት። ዝም ብለህ ቁም አልኩት።

«ቆሜያለሁ እኮ። የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ነው።»

ስጫን ዞረ። እንደገና ስጫን ጥጃው ላይ ዘለለ። እማዬ መጥታ ስለ እኔ ብለህ ስትለው ጥቂት ረጋ አለ፤ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ ቁልፉ ጠቅ ሊል ሲል ዓይኑን አንሸዋረረ። ልመታው ቃጣኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቀን የተናገርኩትን በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። የካሜራው ቁጥር ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አምስት እያለ ሄደ። የቀረችኝ አንድ ናት።

ያኔ አባዬ ከበሩ ፊት ዱካው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ልጆቹን ጠራ። እማዬ ቅቤውን ልየው ብላ ወደ ጓዳ ገባች። መታየት ያለበት ቅቤ አልነበረም። ምርቃቱን ልታይ ስላልቻለች ነው የገባችው።

ወንድሜ ተንበረከከ። የአባዬን ጉልበት ስሞ ግንባሩን እዚያው አሳረፈ። አባዬ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነና ሂድ፣ ግባ፣ ደህና ሁን፣ ተመለስ እያለ መረቀው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ሁላችን አሜን እያልን መጠቀሱን ጠበቅን። አልጠቀሰም። አልተነሣም። ከጀፎሩ የቀጤማና የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣ ነበር፤ የጠዋቱ ብርሃን በጥላው ጠርዝ በኩል በጀርባው ላይ ገብቶ ነበር። ክርኔ ጎኔ ላይ ነው፤ ትንፋሼን ይዣለሁ። ቀና እስኪል ልጠብቅ አልኩ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጣቴ ሳላዘው ቁልፉን ነካ።

ፊልሙ አለቀ፤ ካሜራው ራሱ መልሶ መጠቅለል ጀመረ። ያን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። በዚያው ቅጽበት ወንድሜ ቀና አለ። ፊቱ እንባ ብቻ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ አየ፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ካሜራው ተጠቅልሎ እስኪጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። በእሱ ልናደድ፣ በራሴ ልናደድ፣ አላውቅም።

በሳምንቱ ሄደ።

በኅዳር ፎቶው መጣ። ሠላሳ አምስቱ እንደፈራሁት ነው። የመጨረሻዋ ግን እያንዳንዱ ፀጉር ይቆጠራል፤ የአባዬ የጣት ጥፍር ውስጥ ያለው አፈር እንኳ ይታያል። ያየሁት ከላይ የወንድሜን አናት ነው። ፊቱ የለም። የቡታጅራው ሰው በዚያ ቀን አልቀለደም። ፎቶዋን ወደ በሩ ይዞ ሄዶ አያት።

«አሁን ለመድሽ» አለኝ።

«ፊቱ እኮ የለም» አልኩት፤ ጮኽኩበት መሰለኝ። እሱ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ያን ጊዜ ግን ሁለት ወር ሙሉ ወሬው አልተሰማም ነበር። ደህና መግባቱን የሰማነው በጥር ነው። አሁን በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ ይልካል፤ ከሱቁ ፊት እንደ ግንድ ተገትሮ፣ አንዳንዴ ከልጆቹ ጋር። ዛሬ መቆም አማረው። እማዬ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ከእነዚህ አንዱንም አላየችም።

በዚያ ኅዳር ፎቶዋን በደብተሬ መሐል አድርጌ በሚኒባስ ቸሃ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር። እማዬ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ፎቶዋን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አገላበጠቻት።

«ፊቱስ?»

«ፊልሙ አለቀ» አልኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ቆማ ብዙ አየች። ጣቷ የአባዬ እጆች ላይ ቆመ።

«ሁለቱንም እጁን ነው የጫነበት?»

«ሁለቱንም።»

«አልሳቀም?»

«አልሳቀም። አለቀሰ።»

እማዬ በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ተመርቆ ነው የሄደው» አለች። «ይመስገን።»

ፎቶዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት። ንጹሕ ነበረች። ደግማ ጠረገቻት።